በእርሳስ የተጻፈችው 480

አንድ ደብተር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈነ፣ ጥጉ የተጣጠፈ ተራ የሒሳብ ደብተር ነው። ገጹ መሃል ላይ በእስክሪብቶ 500 ተብሎ ተጽፏል። ደብተሩን ወደ አምፖሉ ዘንበል ሳደርገው ግን ከ500 ሥር ሌላ ቁጥር ታየኝ። በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ ቁጥር። ላጲሱ ጥቁረቱን አንስቶታል፤ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ የተወውን ጭረት ግን ሊያነሳው አልቻለም። 480 ይላል።

ትክክለኛው መልስ 480 ነበር። 500ን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና 3 ሳምንቴ ነው። እዚሁ ሀዋሳ በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ነው ነገሩ የመጣው። አንድ የግል ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ልትወልድ ነበር። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ለነዚያ ወራት የሚተካት ሰው ፈለጉ፣ እኔ ተገኘሁ።

እኛ አገር ተተኪ መምህርነት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ብዙም አይታይም። መምህር አንድ ቀን ሲቀር ወይ ሌላ መምህር ፔሬዱን ይሸፍናል፣ ወይ ሞኒተሩ ጠመኔ ይዞ ቆሞ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ሁላችንም በዚያ ሰሌዳ ላይ ስማችን ወጥቶ ያውቃል። ለወራት መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። የሌላ ሰው ክፍል ነው፣ ግን ያንቺም ነው። ልጆቹ የሚያውቁት የሷን እጅ ጽሑፍ ነው፣ የሷን ቁጣ፣ የሷን ሳቅ። አንቺ ደግሞ ስማቸውን ገና ለይተሽ ሳታውቂ ማርካቸውን ትሞያለሽ።

ከኋላ ያለው ወንበር

ዳይሬክተሩ ክፍሉን ከመረከቤ በፊት 2 ሳምንት ቁጭ ብዬ እንዳይ ነገሩኝ። የሚታዩት ደግሞ 8ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩት ጋሼ ናቸው። በትምህርት ቤቱ ወጣት መምህር ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ለዓመታት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምሩ ቆይተው ነው ወደዚህ የመጡት።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ሳምንታት ትርፍ መስለውኝ ነበር። ማስተማር ምን እንደሚመስል የማላውቅ መስሎ አልታየኝም። 12 ዓመት ተምሬያለሁ። በዓመት ወደ 200 ቀን፣ በቀን 6 ፔሬድ፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ብለን ብንይዘው 9,600 ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት መምህር ሳይ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲው ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሌላ ምን ልይ?

በኋላ ነው ይህን ነገር ከኔ በፊት ያሰበበት ሰው እንዳለ ያነበብኩት። ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ማንኛውም ሰው መምህር ከመሆኑ በፊት ተማሪ ሆኖ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት መምህር ሲያይ ያድጋል ይላል። ግን የሚያየው ከተማሪ ወንበር የሚታየውን ብቻ ነው። መምህሩ ማታ ምን ሲያስብ እንዳመሸ፣ ያንን ጥያቄ ትቶ ይህንን ለምን እንደመረጠ፣ አንዱን ልጅ ጠርቶ ሌላውን ለምን እንዳለፈ ከዚያ ወንበር አይታይም። ይህን ቀድሜ ባነበው ኖሮ ምናልባት ሌላ ዓይን ይዤ እገባ ነበር። ምናልባትም አልገባም። አንዳንድ ነገር እስኪደርስብሽ ድረስ ቢነገርሽም አይገባሽም።

ብቻ ገባሁ። ወንበሬን የመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ አደረግኩ። ሁሉም ታዛቢ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ወፈር ያለ ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ነበር፣ በ2 ሳምንት ውስጥ 23 ገጽ ሞላሁ። ትጉ ነበርኩ፣ በዚያ አልታማም። ጋሼ ሰሌዳውን ለ3 እንደሚከፍሉት ጻፍኩ። ድምፃቸውን ከፍ እንደማያደርጉ ጻፍኩ። የጻፉት ሁሉ ከመጨረሻው ወንበር እንደሚነበብ፣ ስም ጠርተው ከመጨረሳቸው በፊት ክፍሉ ጸጥ እንደሚል፣ ሁሉንም ጻፍኩ። መቼ ነው ገብቼ እንደሳቸው የምቆመው እያልኩ ነበር።

ገባችሁ? አዎ!

7ኛ ለ ውስጥ 46 ልጆች አሉ። የመጀመሪያው ቀን እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ በሁለተኛው ቀን ቀነሰ፣ በሳምንቱ ለመደኝ። ሌሰን ፕላኔን በጊዜ አስገባለሁ። ጽሑፌ ይነበባል። ልጆቹ አይረብሹኝም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ወደ ቤት ስሄድ ይህ ሥራ ለኔ ነው እያልኩ ነበር፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

ይህን እንድል ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ያ መልስ ነው። አንድ ነገር አስረዳለሁ፣ ዞር እልና «ገባችሁ?» እላለሁ። 46ቱም በአንድ ድምፅ፣ መጨረሻውን እየጎተቱ፣ «አዎዎ!» ይላሉ። ይህን ዜማ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኛም ብለነዋል። «ግልጽ ነው?» «ነዉዉ!» «እንቀጥል?» «እንቀጥልል!» ፊት ለፊት ቆመሽ ስትሰሚው ግን ልብ ያሞቃል። እንደ ጭብጨባ ነው። የበለጠ ያስፈጥንሻል።

የዚያን ዕለት ስለ መቶኛ እያስተማርኩ ነበር። ሊደወል 4 ደቂቃ ያህል ቀርቶኛል። መጽሐፉ ላይ ያለው አልቆ ስለነበር ከጭንቅላቴ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። የአንድ ጫማ ዋጋ 500 ብር ነው። ነጋዴው ለበዓል ብሎ 20 በመቶ ጨመረ። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ጫማው ስንት ብር ነው?

ጠየቅኳቸው ማለት ይከብደኛል። ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን አፌ ላይ አምጥቼዋለሁ። 20 ጨመረ፣ 20 ቀነሰ፣ ተጣፋ፣ ስለዚህ ወደ ነበረበት ይመለሳል። 500 ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ። «ገባችሁ?» «አዎዎ!» ተደወለ። ደብተራችሁን አስረክቡ ብዬ ሰብስቤ ወጣሁ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ማፍሰሴንም ያወቅኩት ማታ ነው።

34ኛው ደብተር

አቶቴ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ 44 ደብተር ከመርኩ። ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ረስተው ነው የመጡት። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አንድ በአንድ ራይት እያደረግኩ ሄድኩ። 500፣ ራይት። 500፣ ራይት። እጄ በራሱ ነበር የሚሠራው። ከ30 በላይ ደብተር ላይ እንዲህ አልፌያለሁ።

ከዚያ ያ ሰማያዊ ደብተር መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ መሻከሩን ነው። ላጲስ ሲጠነክርበት እንደሚሆነው ነጭ ነጭ ብሏል። ዘንበል አደረግኩት። 480።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር በግልጽ ልጻፈው። ምን ተሳስታ ነው 480 ያመጣችው አልኩ። የት እንደሳተች ካወቅኩ ነገ አስረዳታለሁ ብዬ ስሌቱን ከዳር ላይ መሥራት ጀመርኩ። የ500 20 በመቶ 100 ነው። ሲጨመር 600። አሁን የሚቀነሰው 20 በመቶ ከ600 ላይ ነው። የ600 20 በመቶ 120። 600 ሲቀነስ 120።

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት።

መሳሳቴ አይደለም ያን ያህል የከበደኝ። ሰው ይሳሳታል፣ ነገ ይታረማል። ቁጭ ብዬ እንድቀር ያደረገኝ ያ የላጲስ ቦታ ነው። ይህች ልጅ ማንም ሳያግዛት መልሱን አግኝታው ነበር። ከኔ ቀድማ አግኝታዋለች። ከዚያ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፣ 500 ይላል፣ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። የራሷን አጠፋች፣ የኔን ገለበጠች። ከዚያ «ገባችሁ?» ስል ከሌሎቹ ጋር አብራ «አዎ» አለች።

የቀሩትን ደብተሮች ጨረስኩ። ሁለት ልጆች ምንም አልጻፉም። የሰማያዊው ደብተር ባለቤት አንድ። የቀሩት 41ዱ 500 ብለዋል። ከ41ዱ ውስጥ ስንቶቹ በሆዳቸው 480 ይዘው እንደነበር ማወቅ አልችልም። ሁሉም እርሳስ አይጠቀምም። እስክሪብቶ የያዘ ልጅ ከመጻፉ በፊት ሰሌዳውን ነው የሚያየው።

እናቴ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ማለት ትወድ ነበር። እሷው ራሷ ደግሞ ታላላቆች ባሉበት ስንለፈልፍ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትለናለች። ሁለቱንም ሰምተን ነው ያደግነው። ክፍል ውስጥ ግን የምትሠራው ሁለተኛዋ ብቻ እንደሆነች የሚገባው ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ማንም አይነግረውም። መምህሩ ጠይቆ ራሱ ሲመልስ፣ አሁንም ጠይቆ አሁንም ራሱ ሲመልስ እያየ ያውቀዋል። ያንን ደግሞ በ3 ሳምንት ውስጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከመቶኛው ይልቅ ያንን ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩት።

ማስታወሻዬን እንደገና ሳነበው

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ያንን 23 ገጽ ማስታወሻ አወጣሁ። ጋሼ «ገባችሁ?» ካሉ በኋላ ልጆቹ እንዳልገባቸው በምን እንደሚያውቁ ለማየት ነበር የፈለግኩት። እዚያ ቦታ ምን እንዳደረጉ ጽፌ ይሆናል ብዬ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። «ገባችሁ?» የሚል የለም። አንድም ቦታ የለም። የተናገሩትን ቃል በቃል የጻፍኩባቸው ገጾች አሉ፣ እዚያም የለም። 2 ሳምንት ሙሉ ያቺን ቃል አንድ ጊዜ አላሏትም፣ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ አልጎደለችኝም።

ከዚያ ሌሎቹን መስመሮች ማንበብ ጀመርኩ። ያን ሌሊት እንደ አዲስ ነው ያነበብኳቸው፣ ሌላ ሰው የጻፋቸው ይመስሉ ነበር።

አንዱ ጋ «ጥያቄ ጠይቀው መስኮቱ ጋ ሄደው ውጭ ያያሉ። ደክሟቸዋል?» ብያለሁ። ደክሟቸው አልነበረም። ዓይናቸውን ከልጆቹ ላይ እያነሱላቸው ነበር። ያን ሁሉ ሰው መሃል መምህር ፊት ፊትሽን እያየ የሚያስብ ጭንቅላት የለም። ዓይኑ ዞር ሲልልሽ ነው ማሰብ የምትጀምሪው።

ሌላ ገጽ ላይ «በረድፎቹ መሃል ይንሸራሸራሉ፣ እጃቸው ወደ ኋላ» ይላል። እየተንሸራሸሩ አልነበረም። ደብተር እያነበቡ ነበር። እኔ አልጋዬ ላይ ማታ ያየሁትን እሳቸው እዚያው፣ ልጁ እርሳሱን እንደያዘ፣ ላጲሱን ሳያነሳ ነው የሚያዩት።

«ጎበዞቹን ትተው ያልቻለውን ልጅ ለምን ወደ ሰሌዳ ይጠራሉ? ጊዜ ይባክናል።» ይህንንም ጽፌአለሁ። አሁን ሳስበው የሚጠሩት ዝም ብለው ያልቻለውን አልነበረም። በረድፉ መሃል ሲያልፉ ስሕተቱን ያዩለትን ልጅ ነው። ያ ስሕተት የሌሎች 10 ልጆች ስሕተት መሆኑን አይተው ነው። ልጁ ሰሌዳው ጋ ሲቆም የሚታረመው እሱ ብቻ አይደለም።

አንዱ ቦታ ደግሞ ያሳፈረኝ «ክፍሉ ይንጫጫል» የሚለው ነው። ጋሼ ጥያቄ ሰጥተው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተነጋገሩበት ሲሉ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማስረዳቱ በአማርኛ። ቤታቸው ሲዳምኛ የሚነጋገሩ ልጆች አሉ፣ ወላይትኛም አለ። ያን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ አልነበረም። ልጆቹ በገዛ አፋቸው እያሰቡ ነበር። እኔ ጫጫታ ብዬ ጻፍኩት።

ወንበሬ ያለበትን ቦታ ያሰብኩትም ያኔ ነው። ከኋላ ተቀምጬ የሚታየኝ የጋሼ ፊት እና የልጆቹ ማጅራት ነበር። 2 ሳምንት ሙሉ አንድም ልጅ ሲያስብ ፊቱን አላየሁም። ስለዚህ የጻፍኩት ስለ ጋሼ ሆነ። ስለ ሰሌዳቸው፣ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ እጃቸው። እሳቸው የሚያዩትን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም።

11 ሰከንድ

ጠዋት ስታፍ ሩም ውስጥ ጋሼን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሻይ ይዘዋል። የሆነውን ነገርኳቸው፣ ሰማያዊውን ደብተር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብተሩን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረጉት፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት።

«ዛሬ ገብቼ ተሳስቻለሁ ልበላቸው ጋሼ? ይንቁኛል ብዬ ፈራሁ» አልኳቸው።

«እሱ ቀላሉ ነው» አሉኝ። «ተሳስቻለሁ ብትያቸው 480 ብለው ይገለብጡሻል። ትናንት 500 እንደገለበጡሽ።»

ከዚያ ስለ ፕላዝማ አነሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርት በሳተላይት በቴሌቪዥን ሲሰጥ እሳቸው ክፍል ውስጥ ነበሩ። «ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጎበዝ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ይጠይቃል፣ ለመልሱ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ጊዜው ሲያልቅ ይቀጥላል። ልጄ እጁን አንስቶ እያየሁት ይቀጥላል። ልጁን አያየውም እኮ! እኔ ጎኑ ቆሜ አያለሁ፣ እሱ ግን አያይም። ያኔ ነው ለራሴ የነገርኩት፣ እኔ ዓይን አለኝ፣ መጠበቅ እችላለሁ ብዬ።» ሻያቸውን ጨረሱ። «አንቺም ዓይን አለሽ» አሉኝና ለፔሬዳቸው ተነሱ።

ክፍል ገባሁ። ልጅቷን ስሟን አልጠራም ብዬ ወስኜ ነበር። ትናንት በላጲስ ያጠፋችውን ዛሬ በ45 ልጅ ፊት ማውጣት ልክ አልመሰለኝም። ጥያቄውን እንደነበረ ጻፍኩት። ከሥሩ በግራ 500፣ በቀኝ 480 ብዬ ጻፍኩ። መስመር አላሰመርኩም። «ከሁለቱ አንዱ ትክክል ነው። የቱ ነው፣ ለምን?» አልኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ዝም። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ ቆሞ ያላየው አያውቀውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። 3 ሰከንድ። አፌ ሊከፈት ነው። 5። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ፣ ፊቴ ላይ መልሱን እየፈለጉ። ያኔ ጋሼ ትዝ አሉኝ፣ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ውጭ የታቦር ተራራ አናት ይታያል። 8። ከኋላዬ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። አንድ ሰው አንሾካሾከ። 11።

«500 ነው ሚስ» አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

«ለምን?»

«ትናንት ሰሌዳው ላይ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ትክክለኛ ምክንያት መስሏቸዋል። እኔም አልሳቅኩም፣ ልቤን ነው የወጋኝ። «ሌላ ምክንያትስ?» አልኩ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ እያለ ነው የመጣው። አንዷ «20 እና 20 እኩል ስለሆነ» አለች፣ የኔን የትናንት ሐሳብ በራሷ አፍ። አንድ ልጅ ግን «20 ብር አይደለም እኮ፣ 20 በመቶ ነው» አለ። ቀጥሎ ያለው «የምኑ?» አለው። ያቺ «የምኑ?» የምትል ቃል ክፍሉን ገለበጠችው። የ500 ነው፣ የለም የ600 ነው፣ ነጋዴው የመጀመሪያውን ዋጋ የት ያውቃል፣ አሁን የተለጠፈውን ነው የሚያየው። አንዱ ልጅ አሞራ ገደል አጎቱ ዓሣ ይሸጣል። የቆሮሶ ዋጋ ሲጨምርና ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ቆሞ አስረዳን። 40 ደቂቃው በአንድ ጥያቄ አለቀ። ሌሰን ፕላኔ ላይ 6 ጥያቄ ነበር።

ሊደወል ሲል ነው የነገርኳቸው። «ትናንት 500 ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ቸኩዬ ነው። ራይት ያደረግኩባችሁን አስተካክላለሁ። ሰሌዳው ላይ ያለው እናንተ ካገኛችሁት ሲለይባችሁ ግን አታጥፉ፣ ሁለቱንም ጻፉና ጠይቁኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። የናቁኝ አልመሰለኝም። ምን እንዳሰቡ ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም።

ልጅቷ ያን ቀን እጇን አላወጣችም። ወጥቼ በረንዳው ላይ ደብተሯን ስሰጣት «480 ያልሽው እንዴት አድርገሽ ነው?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ደነገጠች። «ሚስ፣ አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እንዴት አገኘሽው?»

«ከ600 ነው የሚቀነሰው… አይደል?»

«ነው። ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

ቁልቁል እግሯን እያየች ትንሽ ቆየች። አሁንም ጠበቅኩ። «እርስዎ 500 ሲሉ እኔ የሆነ ነገር ያላየሁ መሰለኝ» አለችኝ።

ይህን መልስ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። እምነት ነው። ልጅቷ ከራሷ ስሌት ይልቅ እኔን አመነች። መምህር የሚከበርበት አገር ውስጥ አድገናል፣ ያ ክብር እንዲቀር አልፈልግም። ግን ክብሩ ልጁን የገዛ ዓይኑን እንዳያምን ካደረገው እኔ ፊት ቆሜ የምሠራው ምንድን ነው?

በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብ ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ አገኘሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የክፍል ውስጥ ንግግሮችን በቴፕ እየቀዳች መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው ያገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፣ ቀድሞ የማይናገሩ ልጆች መናገር ይጀምራሉ። 3 ሰከንድ ብቻ! ሳነበው የ11 ሰከንዱን ላብ አስታወስኩ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት 1 ሰከንድም ጠብቄ አላውቅም። ጥያቄውና መልሱ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚወጡት።

ወንበሩን ሳዞረው

በሳምንቱ ጋሼን እንደገና ክፍልዎ ልቀመጥ አልኳቸው። 2ኛ ፔሬድ ክፍት ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ የሚሞላ ፎርምም የለም። ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ መስኮቱ ጎን፣ ፊቴን ወደ ልጆቹ አድርጌ። «ይሁን» አሉ። ልጆቹ ለአንድ ቀን ግራ ገባቸው፣ በሁለተኛው ቀን ረሱኝ።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ያንኑ ክፍል ነው 2 ሳምንት ያየሁት። አሁን ግን ግንባር ሲቋጠር አያለሁ። ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ልጅ አለ፣ በጣቱ ጠረጴዛው ሥር የሚቆጥር አለ። ጓደኛዋን በዓይኗ የምትጠይቅ አለች። ጋሼ ጠይቀው ወደ መስኮቱ ሲዞሩ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይለቀቃል፣ ትከሻ ሲወርድ ይታያል። ገባኝ የሚል ልጅ ፊቱ ይበራል ይባላል፣ እኔ ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ የሚበራው ገባኝ ያለው ሳይሆን ግራ የገባው ነው። ገብቶኛል የሚለው ቶሎ ወንበሩን ይደገፋል።

አዲስ ማስታወሻ ደብተር ጀምሬያለሁ። ስለ ጋሼ ብዙም አልጽፍም። የልጅ መቀመጫና የሆነውን ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ነገር ሆነ። ጋሼ ጥያቄውን ጽፈው እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ጎናቸው ነኝ። 3ኛው ረድፍ ላይ ያለ አንድ ልጅ ቶሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቱ ያለችውን ልጅ ደብተር አየ። የሷ ሌላ ነው መሰለኝ። ላጲሱን አነሳ። ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። አልፋቀም። እንደገና ሰሌዳውን አየ፣ እንደገና የሷን፣ እንደገና የራሱን። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጋሼ አሁንም ውጭ ነው የሚያዩት። ልጁ ላጲሱን መለሰው፣ ግን እጁን ከላዩ አላነሳም።

«3ኛ ረድፍ፣ ከግድግዳው 2ኛ፣ ላጲስ» ብዬ ጻፍኩ።

ሲደወል ማስታወሻውን ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው አነበቡት። ቀና ብለው ወደ 3ኛው ረድፍ ተመለከቱ፣ ልጁ ወጥቷል።

«ይኼንን እኔ አላየሁትም» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ነገም 2ኛ ፔሬድ ክፍት ነሽ?» አሉኝ።